አራት ሚሊሜትር

«ይቺም ዜሮ» አለች ሚሊሜትር፣ ውፍረት መለኪያ ካሊፐሩን ከአሥራ ሰባተኛዋ ላም አንገት ላይ አንስታ ወደ ብርሃኑ እያዞረች። የላሟን ገመድ የያዘችው አላቢ ግራ ገብቷት «ታዲያ ጥሩ አይደል?» አለች። ሚሊሜትር ቅጹን ገለጠች። ከስድስተኛዋ ላም ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትለካው። ቁጥሩን ስትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ጤነኛ ላም አይታ የምትናደድ የከብት ሐኪም ምን ዓይነቷ ናት ይባል ይሆናል። ነገሩን ከሥሩ ማየት ነው። የከብት ሳንባ ነቀርሳ በዓይን አይታይም። ላሚቱ ጠግባ፣ አምሮባት፣ ባልዲ ሙሉ እየታለበች በሽታው ውስጧ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግራ አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ በምላጭ ይላጫል፣ የቆዳዋ ውፍረት ይለካል፣ ከዚያ ከሞተ የነቀርሳ ጀርም የተዘጋጀ ፈሳሽ በጠብታ መጠን ቆዳዋ ውስጥ ትወጋለች፤ ለማነጻጸር ከላይ የወፎቹ ነቀርሳ ዓይነት፣ ከታች የከብቶቹ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መለካት ነው። የታችኛው እብጠት የላይኛውን ከአራት ሚሊሜትር በላይ ከበለጠው ላሟ ታማለች። አራት ሚሊሜትር ማለት ሁለት ሳንቲም ደርቦ እንደማየት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ታዲያ ጤነኛ በሚባል በረት ውስጥ እንኳን ከሠላሳ ላም ሦስት አራቷ ለወፎቹ ፈሳሽ ትንሽ ማበጧ አይቀርም። ተመሳሳይ ጀርም የሚያቀብል አፈር አለ፣ ውሃ አለ፣ በየገንዳው ሥር የሚጭር ዶሮ አለ። እዚህ በረት ውስጥ ግን ያ እንኳን የለም። ከላይም ዜሮ፣ ከታችም ዜሮ። አንገት ሁሉ ልሙጥ ሆኖ ነው የጠበቃት። እንዲህ ያለ ንጽሕና በመጽሐፍም አላየች፣ በበረትም አላየች።

«ሚሊሜትር» የምትሠራበት የከብት ጤና ቢሮ የሰጣት ስም ነው። ሌላው ባለሙያ እብጠቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ «ደህና ናት» ብሎ ሲያልፍ፣ እሷ ካሊፐር ሳታሳርፍ ቁጥር አትጽፍም። ስሙን ያወጣላት ጋሽ መርፌ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከብት ሲወጋ የኖረ፣ የካሊፐር አያያዝንም ራሱ ያስተማራት ሽማግሌ። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። ኋላ አለቃዋም፣ ከብት አርቢውም፣ የወተት ፋብሪካውም በዚያው ይጠሯት ጀመር። እሷም ለመደችው፤ እውነቱን ለመናገር ትወደውም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስትገባ በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ቆሞ አየች። በወፍራም አረንጓዴ ቀለም «ወተታችን ከሳንባ ነቀርሳ ነፃ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል» ይላል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ውጤቱም ገና አልተነበበም፤ አረጋገጠች የተባለችው ባለሙያ ገና ከመኪናዋ አልወረደችም። ከሰሌዳው ሥር ሰፈርተኛው ጠርሙሱንና ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፏል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምታለች፤ እዚህ ቤት ደግሞ ወረቀት አለኝ በሰማይ ብለው በቀለም ጽፈውታል።

በረቱ የባዳ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ባለቤቱ የታላቅ እህቷ ባል ነው። የወተት አምራቾችን ማኅበር ሁለት ጊዜ ስለመራ ሰው ሁሉ «ሊቀመንበር» ይለዋል፣ ሚስቱም ጭምር። ሚሊሜትር የዘመድ በረት አትላኩኝ ብላ አለቃዋን ለምና ነበር። አለቃዋ ሳቀ። ሌላው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ደግሞስ የአንቺን ፊርማ ማን ይጠረጥራል ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ሰጣት። ወረቀቱ እጁ ከገባ ፋብሪካው የሊቀመንበርን ወተት በየቀኑ ሊወስድ ቃል ገብቷል። በር ላይ የሚሰለፈውም ሰው ጥሬውን መግዛቱን ይቀጥላል፣ አሁንማ በሰሌዳ ተመርቆለት።

ሠላሳ አንደኛዋም ዜሮ ሆነች። ሚሊሜትር ካሊፐሩን በጋዋኗ ጠርዝ ጠረገችው። ከዚያ ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት በላሟ ግንባር ዞራ ወደ ቀኝ አለፈች። ደንቡ የግራ አንገት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግራ አንገት ላጭታ፣ ግራ አንገት ወግታ፣ ግራ አንገት አንብባለች፤ ቀኙን ምን ልታደርገው ትነካዋለች? ዛሬ ግን በመዳፏ ከላይ ወደ ታች ዳበሰችው። ጣቷ ሥር ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ተንከባለለች። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ። ጸጉሩን ገልጣ ስታይ፣ ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ ከዙሪያው አጠር ብሏል። ተላጭቶ እያደገ ያለ ጸጉር ነው።

ወደ ሠላሳኛዋ ሄደች። አለ። ሃያ ዘጠነኛዋም ላይ፣ ሃያ ስምንተኛዋም ላይ አለ። አምስት ላም ከዳበሰች በኋላ የቀሩትን ማየት አላስፈለጋትም ነበር፤ ግን ሚሊሜትር ናትና ሠላሳ አንዱንም ዳበሰች። ሁሉም ላይ አለ።

«ማን ነው የወጋቸው?» አለቻት አላቢዋን።

አላቢዋ መሬት መሬቱን አየች። ስድስት ዓመት በዚህ በረት አልባለች፣ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በመጨረሻ ቀስ ብላ ተናገረች። የዛሬ ሃያ ቀን ገደማ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሽማግሌው መርፌ ወጊ ቦርሳውን አንግቶ መጥቶ ሁሉንም ቀኝ ቀኙን ወጋቸው። ምንድን ነው ብላ ጠይቃ ነበር። ለጉልበት ነው፣ ቫይታሚን ነው ተባለች። ቫይታሚን ለመውጋት ጸጉር መላጨት ለምን እንዳስፈለገ ገርሟት ነበር፤ ግን እሷ አላቢ ናት፣ ሐኪም አይደለችም።

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «ግን እኔ አልነገርኩዎትም።»

ሚሊሜትር በእሺታ ራሷን ነቀነቀችላት። ሁሉም ነገር ገብቷታል። ይሄን ፈሳሽ የተወጋች ላም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብትደገም ሰውነቷ ደንዝዞ አይመልስም። በሽታ ቢኖርባትም አታብጥም። ሁለት ወር ካላለፈ ምርመራው ከንቱ ድካም ነው። ይሄን ደግሞ ሊቀመንበር ከራሱ አያመነጨውም፤ የሚያውቀው ሙያተኛ ብቻ ነው። ቁልፍ ሠሪው ራሱ ሌባ ሲሆን በሩን መዝጋት ምን ዋጋ አለው?

በረቱ በር ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። ጋሽ መርፌ ወዲያው አነሳ። አልካደም፤ ለመካድ እንኳን አልተጨነቀም። ፈሳሹ ከቢሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀኑ ሊያልፍበት የነበረ ነው፣ ባይወስደው ይደፋ ነበር። ለሰው የተዋለ ውለታ ነው፣ ለዚያውም ለዘመዷ። አለቃዋንም «ሚሊሜትርን ላካት» ያለው እሱ ነው።

«ለምን እኔን?» አለችው።

«ሌላ ሰው ቢለካው ፋብሪካው ይጠራጠራል» አላት፣ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። «አንቺ ከለካሽው ግን አለቀ። አንቺ ዜሮ ካልሽ ዜሮ ነው። ስምሽን ማን ይጠይቃል፣ ልጄ?»

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። አሥራ አንድ ዓመት በፀሐይና በእበት ውስጥ ያቆመችውን ስም እንደ ጥጃ ገመድ አስረው ጎትተው እዚህ በረት ውስጥ አስገቡት። እከክልኝ ልከክልህ የሚባለውን ጨዋታ ታውቀዋለች፤ በቢሮው ኮሪደር ሲካሄድ አይታ አንገቷን ደፍታ ያለፈችበት ቀንም ነበር። ዛሬ ግን ያከኩት በእሷ ጥፍር ነው።

ከሁሉ ያበሳጫት ደግሞ ሌላ ነው። ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ ቆማ ሠላሳ አንድ ላም ስትላጭ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ቀኙን ዳበስ ብታደርግ ኖሮ ያኔውኑ ታገኘው ነበር። አላደረገችም። ጋሽ መርፌም የተማመነው በዚሁ ነው። ሚሊሜትር ከደንቡ ውልፍት አትልም፤ ደንቡ ግራ ካለ ግራ ነው። ራሷን በጥፊ ማጮል አማራት።

ሊቀመንበር እጁን እያፋተገ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። የፋብሪካው ሰው ነገ ጠዋት እንደሚመጣ፣ ከወረቀቱ ጋር ፎቶ እንደሚነሱ፣ እሷም ካባ ቢጤ ደርባ ብትመጣ እንደሚያምር አወራ። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች፤ የታላቅ እህቷ ባል ነው፣ ዕድሜውም ለአጎት ይበቃል። ዛሬ ግን ምላሷ ያን ቃል አላወጣላትም።

«አንተ፣ ምንድን ነው ያስወጋሃቸው?» አለችው።

ከጥያቄው ይልቅ «አንተ» መባሉ አስደነገጠው። አላቢዋ ባልዲዋን አንስታ ዘወር አለች። ሊቀመንበር መጀመሪያ ቫይታሚን ነው አለ። ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው አለ። ቀጥሎ አንድም ላም አታስልም፣ እይያቸው፣ ከእኔም ከአንቺም ይወፍራሉ አለ። ሦስት ምክንያት በአንድ ትንፋሽ የሚደረድር ሰው አንዱንም እንደማያምንበት ሚሊሜትር ታውቃለች።

«ሁለት ወር ከዘጋሽኝ ፋብሪካው ሌላ ይፈልጋል» አላት በመጨረሻ። ይሄኛው እውነቱ ነበር። «አንቺ ፈርሚ። የታመመች ካለች እኔ ቀስ ብዬ አጣራለሁ፣ ቃሌ ነው።»

«አልፈርምም። በምንህ ነው የምታጣራው? ዓይን ዓይናቸውን አይተህ?»

ድምፃቸውን ሰምታ እህቷ ከቤት ወጣች፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ። ስለ መርፌው የምታውቀው ነገር የለም፤ ፊቷ ያስታውቃል። የሰማችው ታናሽ እህቷ አልፈርምም ማለቷን ብቻ ነው። ሚሊሜትርን ክንዷን ይዛ ወደ ገለባው ክምር ወሰደቻትና በዕድሜዋ ሙሉ ተናግራው የማታውቀውን ተናገረች። እማዬ ስትሞት ማን አሳደገሽ አለቻት። መጀመሪያ የነበረችን ያቺ አንዲት ላም ናት ያስተማረችሽ፣ ወተቷን በር ለበር እያዞርኩ፣ እኔ ከሰባተኛ ክፍል ቀርቼ አለቻት። አንድ ቀን ይሄን አድርጊልኝ ብዬሽ አውቃለሁ ወይ አለቻት። አታውቅም። እውነት ነው፣ አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

«ዛሬ ለመንኩሽ» አለች እህቷ። «አንድ ፊርማ ናት፣ እህቴ።»

ሚሊሜትር ሊቀመንበርን ቢሆን ሰድባው መኪናዋን አስነስታ ትሄዳለች። ይቺን ግን በምን አንደበቷ? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እሷ ከዚህች ሴት እጅ ነው በልታ ያደገችው። ቅጹ ብብቷ ሥር ነው። ሠላሳ አንድ ዜሮ ተሞልቶበታል፣ የቀረችው ፊርማዋ ብቻ ናት። ቁጥሮቹ ደግሞ ውሸት አይደሉም፤ ካሊፐሩ ያላትን ነው የጻፈችው። ለአንድ አፍታ፣ ውሃ ለመጠጣት የምትበቃ ጊዜ ያህል፣ ብፈርምስ አለች በሆዷ።

ያን ጊዜ ሚጡ ጋዋኗን ጎተተቻት። ሚጡ የእህቷ አንድ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀኑ እንዲህ እያቃጠለ አንገቷ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሟል። ከሦስት ቀን በፊትም ተጠምጥሞ ነበር። ጉሮሮዋን አሟት ነው፣ ሐኪም ሁለት ጊዜ ሽሮፕ ሰጥቷታል ብላ ነበር እናቷ።

«አክስቴ፣ እመቤትን ረሳሻት» አለች ሚጡ።

እመቤት ጎሽ ናት። ሊቀመንበር ጎሽ እንደ ላም ከሚታለብበት ከሩቅ አገር ገዝቶ ነው ያመጣት፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ቀንዷ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ሙቀት ሲበረታ ጭቃ ካላገኘች የምታኮርፍ። የምትኖረው ከቤቱ ጀርባ ለብቻዋ ነው፤ ውሃ የምትጠጣው ግን ከላሞቹ ገንዳ ነው። ወተቷ ወፍራም ነው፣ አይሸጥም። የሚጡ ነው። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ፣ ከጡቷ እንደወጣ፣ ሳይፈላ። የፈላ ወተት ኃይሉ ይሞታል ይላል ሊቀመንበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። ሰፈሩም ይቀልዳል፤ በጎሽ ወተት ያደገች ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ካልወጣች ጎሿ ትጠየቅ ይላል።

እመቤት ቅጹ ላይ የለችም። ሚሊሜትር ከሦስት ቀን በፊት ሥራዋን ጨርሳ ስትነሳ ሚጡ ነበረች አልቅሳ የለመነቻት፣ ላሞቹ ሁሉ ሲመረመሩ እመቤት ብቻዋን ለምን ትቀራለች ብላ። ከጠርሙሶቹ የተረፈ ፈሳሽ ነበር። የልጅ ልብ ላለመስበር ጎሿንም ወጋቻት። ለጨዋታም ቢሆን ሚሊሜትር ናትና ላጭታ፣ ለክታ፣ ቁጥሩን በቅጹ ጀርባ ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ ረስታዋለች።

አሁን ልጅቷ እየጎተተቻት ወደ ጓሮ ሄደች፤ እህቷም ሊቀመንበርም ተከተሏቸው፣ ልመናው ገና አላለቀምና። ሚሊሜትር ግን ከአጥሩ ማዶ ሆና አየችው። ከእመቤት ግራ አንገት በታችኛው በኩል እንቁላል የሚያህል ነገር ተቀምጧል።

አላቢዋ ጎሿን ያዘችላት። ካሊፐሩ ሲያርፍባት እመቤት አንገቷን ሰበቀች፤ አሟታል። የላይኛው ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሦስት። የታችኛው ከአሥራ አንድ ወደ ሃያ ሰባት። ሚሊሜትር ሁለቴ ለካች፣ ሦስቴ ለካች፣ ያው ነው። አራት ሚሊሜትር ያስጨንቀኛል ስትል የኖረችው ሴት አሥራ አራት አገኘች። ከዚያ በግንባሯ ዞራ ቀኙን ዳበሰች። ቀኙ ንጹሕ ነው፤ ሽምብራም የለ፣ አጭር ጸጉርም የለ።

«እሷን ለምን አላስወጋሃትም?» አለችው ሊቀመንበርን። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

ሊቀመንበር ዓይኑን ከእብጠቱ አልነቀለም። በየት በኩል እንደሚያመልጥ ለማሰብ ጊዜ አላገኘም፤ እንደመጣለት መለሰ።

«እኔ ነኝ የከለከልኩት። እሷን እንዳትነካት አልኩት። ልጄ የምትጠጣው እኮ ነው።»

እህቷ መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥላ ጎሿን፣ ከዚያ ሚሊሜትርን አየች። ምን አስወግቶ ነው፣ ማንን ነው ያስወጋው አለች። ሚሊሜትር በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት፤ ላሞቹን ያስወጋው በሽታቸው እንዳይታይ ነው፣ ጎሿን የተዋት ልጁ የምትጠጣው ወተት እንዳይበላሽ ነው። ከዚህ ሁሉ አንገት እውነቱን የተናገረው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚጡ ጎሽ አንገት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? ይሄኛው በሬ ግን ገደሉን አይቶታል፤ ሰፈሩን ወደዚያ ነድቶ የራሱን ልጅ በዳር በኩል ያሳለፈ መስሎት ነበር።

ሚጡ ወደ አክስቷ ጠጋ አለችና ሻርፗን ፈታችው።

«የእኔንስ አትለኪውም?» አለች፣ አንገቷን እንደ እመቤት ወደ ጎን አዘንብላ። «የእኔም አለ።»

አለ። ከመንጋጋዋ ዝቅ ብሎ፣ በግራ በኩል፣ ቆዳው ቀላ ብሎ አብጧል። ሚሊሜትር በጣቷ ጫፍ ነካችው። አንድ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ሆኖ ተያይዟል። ልጅቷ አላመማትም፤ እንዲያውም ኮርኩሯት ሳቀች። ሠላሳ ሁለት አንገት ስትለካ ሠላሳ ሦስተኛውን በሻርፕ ተሸፍኖ አይታ አልፋዋለች። ሊቀመንበር ላይ መጮህ ፈለገች፣ እህቷ ላይም፣ በዚያ በጭቃው አጠገብ መሬቱን በጫማዋ መደብደብ ፈለገች። ሚጡ ቀና ብላ ታያታለች። ንዴቷን ዋጠችው፤ መዋጥ ግን መርሳት አይደለም።

«ከወጣባት ስንት ጊዜው ነው?» አለች እህቷን።

«ሁለት ወር። ንፍፊት ነው አሉኝ። ከጉሮሮዋ ጋር ይጠፋል አሉኝ።»

«ጥሬ ወተት እንደምትጠጣ ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች እህቷ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ሚሊሜትር ካሊፐሩን ኪሷ ከተተችው። የሰው አንገት በዚህ አይለካም አለቻት ሚጡን፤ የሰው ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ አሁኑኑ፣ ጫማሽን አድርጊ። እህቷን ደግሞ ምን እንደሆነ አላውቅም አለቻት። የከብት ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይገባል፣ የልጅ አንገትም እንዲህ ያሳብጣል፤ ግን እሱ ላይሆንም ይችላል። እሱም ቢሆን መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ሐኪሙ ግን ስለ ጎሿ መስማት አለበት፣ ዛሬ መስማት አለበት። እህቷ ልጇን እንደ ሕፃን ብድግ አድርጋ ወደ ቤት ሮጠች። የሳሙናው አረፋ እጇ ላይ ደርቆ ነበር።

ሚሊሜትር ቅጹን በመኪናው ግንባር ላይ ዘረጋችው። ብረቱ በፀሐይ ግሏል። ሊቀመንበር ከኋላዋ መጥቶ ቆመ፤ የጠዋቱ ንጹሕ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘናት፤ ግን ኀዘኑ ንዴቱን አላበረደውም።

«ጎሿን ጻፊያት» አላት። «ዛሬውኑ ትወገድ። ላሞቹን ግን ተዪልኝ። እነሱን ከዘጋሽብኝ ልጄን በምን አሳክማለሁ?»

«የራስህን ልጅ ለማሳከም የሰው ልጅ ልታሳምም ነው?» አለችው ሳትዞር። «ጎሿ ከየት እንዳመጣችው ታውቃለህ? ከላሞቹ ይዟት ይሆን እሷ ሰጥታቸው? እኔም አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግከኝ አንተ ነህ።»

ቅጹ የታተመው ለሠላሳ አንድ ከብት ነው። ከሠላሳ አንደኛው በታች፣ ባዶው ላይ፣ የካሊፐሩን ጠርዝ አስደግፋ አንድ መስመር አሰመረች። ሠላሳ ሁለት ብላ ጻፈች፤ ጎሽ፣ አሥራ አራት ሚሊሜትር፣ ታማለች። ከዚያ ሠላሳ አንዱን ዜሮ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጭረት ሰረዘቻቸውና በጎን ጻፈች፤ ከብቶቹ ከሃያ ቀን በፊት በቀኝ አንገታቸው ተወግተዋል፣ ውጤቱ አይነበብም፣ ሁለት ወር አልፎ ይደገም፣ እስከዚያ ከዚህ በረት ወተት አይውጣ። የወጋቸውን ሰው ስም ጻፈች። እጇ ላይ ትንሽ ከበዳት፣ ካሊፐር ያስያዛት እሱ ነውና፤ ግን ጻፈችው።

የማስታወሻው ቦታ ገና አልሞላም። ከዚያ «በመጀመሪያው ቀን የቀኙን አንገት ሳላይ ያለፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጨመረች።

ሊቀመንበር በትከሻዋ ላይ ሆኖ እያነበበ ነበር። «ይሄን ከጻፍሽ አንቺም ትጠየቂያለሽ» አላት። ተስፋ ያገኘ መሰለው፤ ድምፁ ውስጥ ይሰማል።

«ልጠየቅ» አለችና ፈረመች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ የሚይዘውን መምረጥ ግን የእሷ ነው። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

እህቷ ሚጡን ይዛ ከኋላ ወንበር ገባች። ባሏን አላነጋገረችውም፣ ና ወይም ቅር አላለችውም። ሚሊሜትር መኪናውን አስነስታ በቀስታ ወደ በሩ ነዳችው። የከሰዓቱ ሰልፍ ተጀምሯል። ስምንት ዘጠኝ ሰው ይሆናል፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር፣ አንዳንዱ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ። አረንጓዴው ሰሌዳ ከራሳቸው በላይ ቆሟል።

«አቁሚልኝ» አለች እህቷ።

ሚሊሜትር ዳግመኛ ልትለምናት መስሏት ፍሬኑን በንዴት ረገጠችው። እህቷ ግን ሚጡን ከእቅፏ አውርዳ ወረደች። ሰሌዳውን በሁለት እጇ አንቃ ከቆመበት ነቀለችውና ጽሑፉን ወደ ግንቡ አዙራ አስደገፈችው። ያልደረቀው ቀለም መዳፏንና የቀሚሷን ደረት አረንጓዴ አደረገው። ከሰልፉ ፊት የነበረች ሴት ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ብድግ ብላ ወተት የለም እንዴ አለቻት።

«የለም» አለች እህቷ።

«ነገስ?»

እህቷ ወደ መኪናው ዞር ብላ አየች። ሚጡ መስኮቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ትጠብቃለች፣ ሻርፗ በእጇ ነው።

«ነገም የለም። ላሞቹ ታመውብን ይሆናል። የጠዋቱን ያልጠጣችሁ ድፉት፤ የጠጣ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ለሐኪም ንገሩ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ተመልሳ ገባች፣ አረንጓዴ እጇን ከልጇ አርቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ንጂ» አለች።